ምጡቅ፣ መጠቀ፣ አመጠቀ፦ ስለ አንድ ሩቅ ቃል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቃላት መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ «ምጡቅ» የተጠየቅኩትን ያህል ስለ ሌላ ቃል የተጠየቅኩ አይመስለኝም። ሳተላይት በተነሳ ቁጥር ይጠየቃል። ልጁ አንደኛ የወጣለት አባትም ይጠይቃል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱን በደንብ ቆየሁበት፤ አንዳንዱን ደግሞ ቶሎ አለፍኩት።

«ምጡቅ» በአጭሩ ምን ማለት ነው?

ከሚደረስበት ያለፈ ማለት ነው። እጅ ቢዘረጋ አይነካውም፣ ዓይን ቢከተለው ያመልጠዋል። ግሡ «መጠቀ» ነው፤ ወደ ላይ ወጣ፣ እየራቀ ሄዶ ከመድረሻ አለፈ እንደ ማለት። ስሙ «ምጥቀት» ይባላል።

«ሩቅ» ብቻ ብሎ መተርጎም ቃሉን ያሳንሰዋል። ሞያሌ ከአዲስ አበባ ሩቅ ናት። ግን የትም አልሄደችም፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይደረስባታል። «መጠቀ» ስንል ብዙውን ጊዜ ውስጡ ጉዞ አለ። ነገሩ እዚህ አጠገባችን ነበር፣ ተነሳ፣ በዓይናችን ሸኘነው፣ ከዚያ አመለጠን። ሞያሌን ማንም በዓይኑ አልሸኛትም።

እንዴት ነው የሚነበበው? የሚጠብቀው የቱ ነው?

«መጠቀ» ላይ ጠ ይጠብቃል። «ይመጥቃል» ላይ ይላላል፤ «ምጡቅ» ላይም እንደዚሁ።

ከዚህ የሚብሰው የአጻጻፉ ችግር ነው። «መመጠቅ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ትክክለኛው «መምጠቅ» ነው፤ ከወደቀ መውደቅ እንደሚመጣ ማለት ነው። ሌላውን ማስነሳት ሲሆን ደግሞ «ማምጠቅ» ይሆናል እንጂ «ማመጠቅ» አይደለም። «ጥቃት»ም ዘመዱ አይደለም። አንድ ወዳጄ በስልኩ ሲጽፍ ፊደል ዘሎ «ሳተላይት አጠቃች» ብሎ ለጓደኞቹ ላከ። ግማሾቹ ጦርነት የተጀመረ መስሏቸው ደወሉለት።

ሳተላይት ለምን «መጠቀች» ይባላል? «ሄደች» ወይም «ወጣች» አይበቃም?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት ከጎረቤታችን ነው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና፣ ከታይዩዋን የተነሳችበት ቀን ነው። ማለዳ 12 ሰዓት አልፎ ነበር። ባለሥልጣኑና ሳይንቲስቱ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ተሰብስቦ ይጠብቃል። እኛ ቤት ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለናል። እማማ ጾም ስለሆነ ቁርስ አያሰቡም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

እሳቱ ታየ፣ ጭሱ ታየ፣ ከዚያ አንዲት ነጥብ ቀረች። ቀጥሎ ነጥቧም ጠፋች። ጋዜጠኛው «መጠቀች!» አለ። ሰው አጨበጨበ።

እማማ ወደ እኔ ዞረው «መጠቀች ማለት ጠፋች ማለት ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ወጣች ማለት ነው።»

«ታዲያ ትመለሳለች?»

«አትመለስም።»

«እና ጠፋች በለኛ!»

ተሳሳቱ ለማለት ከብዶኛል። «ወጣች» ቢባል ትመለስ ይሆናል፤ ሰውም ወጣ ብሎ ይመለሳል። «ሄደች» ቢባል በየት እንደሄደች አይታወቅም። «መጠቀች» ግን አቅጣጫውንም ርቀቱንም ይነግራል፤ ወደ ላይ ነው የሄደችው፣ ከእጅም ወጥታለች። ወደ 70 ኪሎ ግራም የምትመዝን ዕቃ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስትዞር ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኝላትም። ሁለተኛዋ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ስትነሳ ጋዜጠኛውም እኛም ቃሉን ለምደነው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ አማርኛ ለዚህ ሥራ ከሌላ ቋንቋ ቃል አለመበደሩ ነው። ሳተላይት የሚለውን ስም ተበደረ፤ ግሡን ግን ከጓዳው አወጣ። መንኮራኩርም እንዲሁ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በትንቢተ ሕዝቅኤል፣ መንኮራኩር የሚሽከረከር ጎማ ነው። ዛሬ ጠፈርተኛ ይጫንበታል። ራሱ «ጠፈር»ም ከኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ የመጣ ነው፤ «በውኆች መካከል ጠፈር ይሁን» ከሚለው። ሶቪየቶች የዓለምን የመጀመሪያ ሳተላይት ስፑትኒክን መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሲያመጥቁ እነዚህ ቃላት ዕድሜ ጠግበው ነበር።

«ሳተላይቷ ተመጠቀች» ይባላል?

አይባልም። «መጠቀች» ራሱ በቂ ነው። «ተወደቀች» እንደማንለው ነው። ያመጠቀው አካል ሲጠራ ብቻ «አመጠቀ» ይመጣል፦ ኢትዮጵያ ሳተላይት አመጠቀች፤ ሳተላይቷ መጠቀች። ሳተላይት ወንድ ናት ሴት ለሚለው ጭቅጭቅ ግን እኔ የለሁበትም። «መጠቀ»ም «መጠቀች»ም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ሴቷን ለምዷል።

«አመጠቀ» እና «አስወነጨፈ» አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ልዩነታቸው ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል። ዜና ስትሰሙ አስተውሉ። ሚሳኤል «ይወነጨፋል»፣ ሳተላይት «ትመጥቃለች»። ሁለቱንም የሚገፋው እሳት ነው፤ ሁለቱም ሽቅብ ነው የሚነሱት። ታዲያ ምን ለያቸው?

«አስወነጨፈ» ውስጥ ወንጭፍ አለ። ማሽላ የጠበቀ ሰው ወንጭፍ ያውቃል። ማማ ላይ ቆሞ፣ ድንጋዩን ገመዱ መሀል አስቀምጦ፣ አዙሮ አዙሮ ይለቀዋል። ድንጋዩ ወደ ላይ ቢሄድም ሐሳቡ ታች ነው፤ ወፏ ወይ ዝንጀሮው ላይ ማረፍ አለበት። ሚሳኤልም እንደዚያው ነው፤ የሚነሳው ሊወድቅ ነው። የሚመጥቅ ነገር ግን ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ሚሳኤል አመጠቀ» የሚል ዜና ስሰማ ሚሳኤሉ የት ሊቀር ነው እላለሁ። «ሳተላይት አስወነጨፈች» ሲባል ደግሞ ልትወድቅብን ነው ብዬ አንገቴን እሰብራለሁ።

ሮኬት መሀል ቤት ነው። ሳተላይት ተሸክሞ ከሄደ መጠቀ፣ ፈንጂ ተሸክሞ ከሄደ ተወነጨፈ።

«ምጡቅ አእምሮ» ሲባልስ?

ያው ሥዕል ነው፤ የሚወጣው ሐሳብ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሌላው ሰው በዓይኑ እየተከተለው ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋበታል። ሰውየው ግን ገና እየሄደ ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ ምጡቅ ይባላል።

ችግሩ ቃሉን አርክሰን መሸጣችን ነው። በየቀብሩ በሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሁሉ ሟች ምጡቅ ነበር። በየመድረኩ የሚጋበዘው ሁሉ «ምጡቅ ምሁር» ነው። ፈተና ያለፈ ምጡቅ፣ ቶሎ የሚመልስ ምጡቅ፣ እንግሊዝኛ የሚያፈጥን ምጡቅ። አማርኛ ለነዚህ ሁሉ የየራሱ ቃል አለው። ቶሎ የሚገባው «ፈጣን» ነው፣ ወይም «ብሩህ»። መላ የሚያውቅ «ብልህ» ነው። የተማረውን የማይረሳ «ባለ አእምሮ» ይባላል በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር። በየመንደሩ «ጭንቅላት አለው» ይባላል፣ ወይም «ጎበዝ»። እነዚህ ሁሉ እያሉ ምጡቅን ለሳምንት ፈተና ማውጣት ለሽሮ በግ እንደማረድ ነው።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አለኝ። ሰውየው ከተናገረ በኋላ «ልክ ነው» ካልኩ ብልህ ነው። «እንዴት አሰበው?» ብዬ ከቀረሁ ምጡቅ ነው።

አሜሪካ ያለው የልጄ ትምህርት ቤት በጣም ጎበዞች ለሆኑ ልጆች ልዩ ክፍል አለው። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳ «የምጡቃን ክፍል» ልበላት?

ባይሆን ይሻላል። «ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ክፍል» በላት። ተሰጥኦ የተሰጠ ነገር ነው፤ ገና ይሠራበታል። ምጡቅ ግን አስቀድሞ የወጣ ነው፣ ያለቀ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ምጡቅ ከተባለ በኋላ ሒሳብ ቢወድቅ የት ይገባል? እናትህም «የት ይደርሳል የተባለ ጥጃ ልኳንዳ ቤት ተገኘ» የሚለውን ተረት ሳታውቅ አትቀርም። አጉል ቦታ ላይ እንዳታስታውሰው።

«ምጡቅ»፣ «ረቂቅ»፣ «ጥልቅ»፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሦስቱም የማይደረስበትን ነገር ይነግራሉ፤ የማይደረስበት ምክንያት ነው የሚለያየው።

ረቂቅ በቅጥነቱ ነው የሚያመልጠው። እጃችን ላይ ሆኖም አንይዘውም፤ በጣቶቻችን መሀል ያልፋል። ነፍስ ረቂቅ ናት፣ መላእክት ረቂቃን ናቸው ይባላል። ተራው ሰውም ቃሉን በደንብ ያውቅበታል፤ «የረቀቀ ሌብነት» ሲባል ቀስ ብሎ፣ ሳይታይ፣ በወረቀት መሀል የሚሠራ ሌብነት መሆኑ ይገባዋል። በሩን ሰብሮ የገባ ሌባ ረቂቅ አይደለም። (ረቂቅ አዋጅ የምንለው ገና ያላለቀው ሰነድ ነው፤ እሱን እዚህ ውስጥ አታስገቡት። አንዳንዱ ረቂቅ አዋጅ ግን በሁለቱም ትርጉም ረቂቅ ነው።)

ጥልቅ ወደ ታች ነው። ገደል ጥልቅ ነው፣ ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ ፍቅርም ጥልቅ ይባላል። ጥልቅ ነገር ግን ይገባበታል፤ ገመድ ካለ፣ ትዕግሥት ካለ። «ጥልቅ ዕውቀት» ያለው ሰው ቆፍሮ የገባ ነው። «ምጡቅ» የምንለው ግን ሳይቆፍር በረረ።

ቴክኖሎጂ ላይ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው። «የረቀቀ ቴክኖሎጂ» አሠራሩ ውስብስብና ስስ የሆነ ነው። «የመጠቀ ቴክኖሎጂ» ደግሞ ከሌላው ቀድሞ የሄደ፣ ገና ያልደረስንበት። የእጅ ሰዓት ውስጡ የረቀቀ ነው፤ የመጠቀ ግን አይባልም፣ ሰፈራችን ያለው ሰዓት ሠሪ ፈትቶ ይገጥመዋል።

በሃይማኖት ንግግር «ምጡቅ» እግዚአብሔርን ለመግለጽ ይውላል። እሱ ከየት ተነስቶ መጠቀ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቀደም ብዬ «ውስጡ ጉዞ አለ» ያልኩትን ይፈትናል። እዚህ ላይ የሚጓዘው የሰው ሐሳብ ነው። አእምሮ ይነሳል፣ ይወጣል፣ ይደክመዋል፣ እሱ ግን ገና በላይ ነው። ስለዚህ «የማይመረመር» ከሚለው ጋር ይጎራበታል። ፍልስፍና ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎችም ከዓለም ባሻገር ያለውን ነገር ለመሰየም «ምጡቅ» እና «ምጥቀት» ሲሉ ይታያሉ። ያስኬዳል።

የክርስቶስን ማረግ ግን «መጠቀ» አንልም። እሱ ዕርገት ነው፤ ዐረገ እንላለን። ቅዱሳን ከዓይን ሲጠፉ ደግሞ «ተሰወሩ» ነው የሚባለው። ቃላቱ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ማቀያየር አያስፈልግም።

«በተመስጦ» እና «በምጥቀት»ስ?

ተመስጦ ያለው ሰው አካሉ እዚሁ ነው፤ ልቡ ብቻ ነው የተወሰደው። በትውፊት የሚነገረውን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አስታውሱ። ዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ የተመረኮዘው ጦር እግሩን ወጋው። ዘማሪውም አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላየም። ሁለቱም በዜማው ተመስጠው ነበር። ደሙ ሲፈስ ነው የነቁት። ይህ ነው ተመስጦ፤ ሲያልቅ ወደ እግርህ ትመለሳለህ። «በሐሳብ መጠቀ» ሲባልም ለዚህ ይቀርባል፤ ከተማ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ «ነጎደ» ነው የምንለው። ጫት የቃመውንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱ መርቅኗል እንጂ አልመጠቀም።

ተራራ ወይም አምባ ምጡቅ ይባላል?

ግጥም ውስጥ ሊመጣ ይችላል። በተራ ንግግር ግን ተራራ ረጅም ነው፣ ከፍተኛ ነው። የማይወጣ አምባ ደግሞ «የማይደረስበት» ይባላል፤ እሱም ቢሆን ከእውነት ብዙ ጊዜ ያልፋል። ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ የተቆረጠ ገደል ነው፤ ወደ 15 ሜትር ቀጥ ያለ ግድግዳ። አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ተሸክሞ እንዳወጣቸው ይተረካል። ዛሬ መነኩሴውም፣ ወንድ ከሆነ እንግዳውም፣ ጠፍር ይዞ እየተሳበ ይወጣል። እህልም በገመድ ነው የሚወጣው። ሴቶች አይወጡበትም፤ እነሱን የከለከላቸው ሥርዓቱ እንጂ ገደሉ አይደለም። ስለዚህ የማይደረስበት ለማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምጡቅ ብንለው ግን ጠፍሩን ረሳነው ማለት ነው።

የ«ምጡቅ» ተቃራኒ ምንድን ነው? «ተደራሽ» ነው?

ቅርብ ብትሉ ይበቃኛል። «ተደራሽ» ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

ይህ ቃል የስብሰባ ልጅ ነው። «አገልግሎቱን ተደራሽ ለማድረግ»፣ «የንጹሕ መጠጥ ውሃ ተደራሽነትን ለማሳደግ»። እናቴ ውሃ ስታድል «ለሁሉም ደረሰ?» ነው የምትለው። ድግስ ላይ አሳላፊው «ለሁሉም አዳርስ» ይባላል። «ተደራሽ አድርግ» ያለው አንድም አላየሁም። ማዳረስ፣ መድረስ፣ ማድረስ፣ መዳረስ፤ «ደረሰ» ልጆቹ ብዙ ናቸው። ሰብል ይደርሳል፣ ጠላ ይደርሳል፣ ልጅ ለአቅመ አዳም ይደርሳል፣ ደራሲ ይደርሳል፣ የተጨነቀ «ድረሱልኝ!» ይላል። ይህን ሁሉ ሀብት ትቶ በ«ተደራሽነት» መክረም ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው የማይገባበት ሕንፃ «ተደራሽ አይደለም» ሲባል ቁም ነገር አለው። ሕንፃው ቅርብ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰውየው ደጃፉ ላይ ነው፤ ግን አራት ደረጃ አለ። ይህን በአንድ ቃል የሚናገር ሌላ አላገኘሁም።

«ላም አለኝ በሰማይ» የሚባልላት ላም ምጡቅ ናት?

ሙሉው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ላሟ አልመጠቀችም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረችም። የማይደረስበት ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ ሄዶ የራቀና ጭራሽ ያልነበረ። ተረቱ ለሁለተኛው ነው። የቤት ዕጣ እየጠበቀ የሚኖር ሰው የትኛው ውስጥ እንደሚመደብ ለራሱ ትቼዋለሁ።

ስልኩን የማያነሳ ሰው «መጥቋል» ይባላል?

በጨዋታ ለምን አይባልም። እኛ ሰፈርማ ይባላል፤ ያመጡትም እማማ ናቸው። ከዚያች ዓርብ በኋላ ቃሉን ወደውታል። ባለፈው የልጅ ልጃቸውን ሽንኩርት እንዲያመጣ ሱቅ ልከውት አንድ ሰዓት አለፈው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ምጣዱ ግሏል፣ ዘይቱ እየጨሰ ነው። በር ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ቀና ብለው ወደ ሰማይ እያዩ «ይኼ ልጅ መጠቀ!» አሉ።

ሰዋስዉን ላርም አፌን ከፍቼ ነበር። ወደ ላይ መውጣት የለም፣ ምጥቀት የለም፤ ሱቁም ቁልቁል ነው። ግን ሄዷል፣ አይደረስበትም፣ ሽንኩርቱም አብሮት ነው። ዝም አልኩ።